ለዝናብ በሬ ይታረዳል እንጂ እንግዳ?

ዘ ዊከር ማንን ሳታዩ መጨረሻውን መስማት ሚያናድዳችሁ ካላችሁ እዚች ጋ ተመለሱ፣ እኔ ሁሉንም ነው ምዘረግፈው። ፊልሙ ከወጣ 50 ዓመት ስላለፈው ደሞ ብዙም አላዝንላችሁም።

ባጭሩ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሀዊ ሚባል ሃይማኖቱን አጥባቂ የፖሊስ ሳጅን ሮዋን የምትባል ልጅ ጠፍታለች የሚል ደብዳቤ ይደርሰውና ባህር ላይ በምታርፍ ትንሽዬ አውሮፕላን ብቻውን ሰመርአይል የምትባል የስኮትላንድ ደሴት ይሄዳል (ደሴቷ የፈጠራ ናት)፣ እዛ ሲደርስ ልጅቷን ማንም አያውቃትም፣ እናትየዋ ራሷ አላውቃትም ትላለች። ሰዉ ክርስትናውን ትቶ የጥንት አማልክት ነው ሚያመልከው፣ ለፀሐይ ለአዝመራ ምናምን። ባለፈው ዓመት ፖሙ አላፈራም ነበርና ሳጅኑ በቃ ልጅቷን ሊሰዉአት ነው ብሎ ይሯሯጣል፣ ለካ ልጅቷ ማጥመጃ ናት፣ የሚፈለገው እሱ ነው። በቀጫጭን እንጨት በተጎነጎነ ግንብ የሚያክል የሰው ቅርፅ ሆድ ውስጥ ከፍየል ከዶሮው ጋር አስገብተው እሳት ይለቁበታል፣ እነሱ ከታች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዘፈኑ።

ያየነው ደሴ፣ ሆጤ፣ አክስቴ ቤት ነው። ላፕቶፑን ቲቪው ላይ ሰክተን አቦሉ ላይ ጀምረን በረካው ሲወርድ ሰውየው ገና ልጅቷን እየፈለገ ነበር። አክስቴ አለች፣ ልጇ አለች፣ የልጇ ባል አለ፣ አንድ ገጠር በልማት ጣቢያ ሰራተኝነት (ዲኤ ምንለው) የሚሰራ ጓደኛዬ አለ። የአክስቴ ልጅ ለእናቷ እየተረጎመች ነው፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ልጅ ራቁቷን ግድግዳ እየደበደበች ሳጅኑን የምትጠራበት ቦታ ላይ ግን ምንም ሳትተረጉም በፍጥነት አሳለፈችው፣ እትዬም ምንድነው ብላ አልጠየቀችም፣ ሁላችንም ስኒያችንን ነበር ምናየው።

የአክስቴ ልጅ አልወደደችውም። "ይሄ ሆረር ነው ወይስ ዘፈን?" አለች። እውነቷን ነው፣ ዘፈኑ ይበዛል፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ይዘፈናል፣ ትምህርት ቤት ይዘፈናል፣ ሰውየው ሲቃጠል ሁላ ይዘፈናል። እሷ የለመደችው ዞምቢ ከበር ኋላ ብቅ ሲል ትራስ ማቀፍ ነው፣ እዚህ ላይ ደሞ ደም የለ፣ ጨለማ የለ፣ አብዛኛው ነገር በጠራራ ፀሐይ ነው ሚሆነው። እኔ ግን እዚህ ጋ ነው ማልስማማት። ይሄ ፊልም በጀቱ ትንሽ ባይሆን ኖሮ ይበላሽ ነበር ባይ ነኝ፣ ብር ቢኖራቸው ጭራቅ ያሳዩን ነበር፣ ስለሌላቸው የሰው ፊት አሳዩን። ፈገግ ያለ ፊት። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ፈገግ፣ አስተማሪዋ ፈገግ፣ ሁሉም ሰው ደህና ነህ ወይ ይለዋል፣ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ከዚህ በላይ ሚያስፈራ ምን አለ?

ብር እንዳልነበራቸው ደሞ ከኋላው ያለውን ታሪክ ስታነቡ ይገባችኋል። ታሪኩ በእነሱ የፀደይ በዓል፣ በሜይ 1 ሰሞን ነው፣ የቀረፁት ግን በፈረንጅ 1972 መኸራቸው ላይ፣ ስኮትላንድ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ነው። ዛፉ ላይ የምታዩት አበባ ሰው ሰራሽ ነው፣ አንድ በአንድ እየሰቀሉ ነው ያሳመሩት፣ ተዋናዮቹ ደሞ ሲናገሩ ካፋቸው እንፋሎት እንዳይወጣ በረዶ ያጎርሷቸው ነበር። የደሴ ሰው ሐምሌ ላይ በነጠላ ሸሚዝ ቆሞ ሞቀኝ እያለ ሲተውን አስቡት እንግዲህ። የደሴቷን ባለቤት፣ ጌታውን (ሎርድ ሰመርአይልን)፣ የሚጫወተው በድራኩላ የምናውቀው ክሪስቶፈር ሊ ነው፣ ክፍያ ሳይቀበል ነው የሰራው፣ ከሰራኋቸው ሁሉ ምርጡ እያለም ኖሯል። ባለቤቶቹ ግን ፊልሙን ስላላመኑበት ቆራርጠው ከሌላ ፊልም ጋር እንደ ምርቃት ነው ሲኒማ ያስገቡት።

ዲኤው ጓደኛዬ የያዘው ነገር ሌላ ነው፣ እሱ ፊልሙን እንደ ስራ ጉብኝት ነው ያየው። ፖም እዛ ብርድ ላይ እንዴት በቀለ ብሎ ከመጀመሪያው ሲጨቀጭቀን ቆይቶ መልሱ ራሱ ፊልሙ ላይ መጣለት። የጌታው አያት በ1868 ደሴቷን ገዝቶ የመጣ ሳይንስ አዋቂ ነው፣ የእሳተ ገሞራውን አፈርና ሞቃቱን የባህር ጅረት አይቶ አዳዲስ የፍራፍሬ ዝርያ ያዳቀለ፣ ሰዉ ደሞ ተነቃቅቶ እንዲሰራለት የድሮ አማልክቱን መልሶ የሰጠው። ጓደኛዬ እዚህ ጋ ብድግ አለ፣ "ባላባቱ ነው እኮ ሃይማኖቱን የሰራው! ጭሰኛው እንዲያርስለት!" አለ፣ ቀጥሎም ዝርያው ከአካባቢው ጋር አልተላመደም፣ ሰው ብታቃጥል ባታቃጥል ለዛፉ ምኑ ነው ብሎ ቁጭ አለ። ሳጅኑም መጨረሻ ላይ ቃል በቃል ባይሆንም ይሄንኑ ነው ሚላቸው፣ ፖም እዚህ ሊበቅል አልተፈጠረም ይላል፣ ማንም አልሰማውም እንጂ።

የአክስቴ ልጅ ባል ኦርቶዶክስ ነው (ወሎ ነን፣ እንዲህ ነው ቤታችን)። እሱ ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ ሳጅኑ እሳቱ ውስጥ ሆኖ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የሚለውን መዝሙር ሲጀምር "ሰማዕት ነው በቃ" አለ። ሚስቱ መለሰችለት፣ ያቺን የመጠጥ ቤቱን ልጅ እሺ ቢላት ኖሮ እኮ ይተርፍ ነበር አለችው፣ ድንግል ስለሆነ ነው ለመስዋዕት የተመረጠው። እሱም እሺ ቢላት ፊልሙ ምን ይሆናል አላት። ሳጅኑ ግን ለኔም ለመውደድ ከባድ ሰው ነው፣ ከገባ ጀምሮ ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ሰው ቤት ገብቶ ትዕዛዝ ይሰጣል። ፊልሙ ጎበዝ የሆነው እዚህ ላይ ነው፣ ግማሹን ሰዓት ከገዳዮቹ ጋር ሆነህ በሱ ትስቃለህ። አንድ ቦታ ጉሮሮዋን ያመማት ልጅ አፏ ውስጥ እንቁራሪት ይከቱባታል፣ ሳጅኑ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ እኛ ቤት ግን ብዙም የደነገጠ አልነበረም፣ እዚች ክፍል ካለነው ውስጥ በልጅነቱ እንጥሉን ያላስቆረጠ ስንቱ ነው?

አክስቴ መጨረሻ ላይ ነው የተናገረችው። እሷን ያናደዳት ጣዖቱም እርቃኑም አይደለም፣ ደብዳቤው ነው። "ጠርተውት እኮ ነው የመጣው፣ ያአላህ! እንግዳ ጠርቶ?" አለች። ከዛ ስለ 66 አወራች። የባቲ ሰው ናት፣ ድርቁ ሲመጣ ልጅ ነበረች። ዝናቡ እምቢ ሲል ሰዉ ምን ያደርግ እንደነበር ነገረችን፣ እስላሙ ዱዓ ይወጣል፣ ክርስቲያኑ እግዚኦታ ይላል፣ ከብት ያለው ያወጣና ይታረዳል፣ ስጋው ለማንም ይከፋፈላል፣ መንገደኛ ካለፈ መጀመሪያ እሱ ነው ሚበላው፣ የመንገደኛ ዱዓ ይደርሳል ይባላል። "ለዝናብ በሬ ይታረዳል፣ እንግዳ ይታረዳል እንዴ ልጄ? ደሞ ፍየሎቹስ ለምን ተቃጠሉ፣ ማን ሊበላቸው?" ፍየሎቹ ከሰውየው እኩል ነው ያሳዘኗት።

እኔ ሌሊት ላይ ዓመተ ምህረቱን ሳስተያይ ነው የደነቀኝ። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርፆ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ላይ ያሳየው በፈረንጅ ኦክቶበር 1973 ነው፣ ይሄ ፊልም ለንደን ሲኒማ የገባው በዛው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። በሁለት ወር ልዩነት ማለት ነው። አዝመራው የከሸፈበትን የውሸት ደሴት ሰው ትኬት ቆርጦ ሲያይ እውነተኛው እዚህ የደሴ መንገድ ዳር ነበር። ፊልም ሰሪዎቹን አልወቅስም፣ ምን አውቀው። ግን ብዙ ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ የፖሙን ነገር እንደ ሰበብ ነው ሚያልፈው፣ ሃይማኖት ከሃይማኖት ተጋጨ ብሎ ነው ሚያወራው፣ እኛ ቤት ግን ክርክሩ ሁሉ አዝመራው ላይ ነበር። የራበው ሰው ምን ያደርጋል፣ ያስራበው ማነው፣ ጥፋቱ ወደ ማን ይላካል።

ለዚህም ነው ለኔ የፊልሙ ምርጥ ቦታ እሳቱ ያልሆነው። ሳጅኑ ሊያስገቡት ሲሉ ወደ ጌታው ዞሮ የሚቀጥለው ዓመትም ካላፈራ ህዝብህ አንተን ነው ሚያቃጥለው ይለዋል፣ ጌታውም ያፈራል ብሎ ይመልሳል፣ ግን የክሪስቶፈር ሊን ፊት እዩት፣ አንዴ ብቻ ሽው ትላለች ፍርሃቷ። ሰውየው የሚሰብከውን ያምንበታል አያምንበትም? ጓደኛዬ አያምንም፣ አያቱ የሰራለትን ስልጣን ነው ሚጠብቀው አለ። የአክስቴ ልጅ ባል ያምናል አለ፣ ያላመነ ሰው እንደዛ አይዘፍንም። እትዬ በሚቀጥለው ዓመት ስለሚሆነው ምንም ጥርጥር የላትም፣ "እሱ ነው ተራው" ብላ ስኒዎቹን ሰበሰበች።

ልታዩት ካሰባችሁ 87 ደቂቃ ሚሆነውን አጭሩን ተዉት፣ ሁለቱን ሌሊት አንድ አድርጎ ስለሚጠቀጥቀው ሰዎቹ ሳጅኑን ቀስ ብለው ሚፈትኑት ነገር ይጠፋል። በፈረንጅ 2013 ታድሶ የወጣው ይሻላል። ኒኮላስ ኬጅ ያለበትን የ2006ቱን ደሞ ለሳቅ ካልሆነ አትንኩት፣ እሱን የአክስቴ ልጅ ወዳዋለች።