ከውጫሌ እስከ ዓድዋ፦ ጦርነቱ ለምን የካቲት 23 ሆነ?

ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትጓዙ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። የኢትዮጵያና የኢጣልያ የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያው አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881። የአንቀጽ 17ን ጠብ ሁላችንም እናውቀዋለን። አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መስከረም 1888 ክተት ሲታወጅም የሸዋ ጦር የተቀጠረው እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የዓድዋ ውጊያ ቀን ነው። ለውጊያው መንሥኤ ውሉ ይሁን እንጂ ቀኑን የቆረጠው ስንቅ ነው። ከዓድዋ ወዲያ ሳውርያ በተባለ ቦታ የሰፈረው የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ብቻ ነበር። ማፈግፈግ ፈልጎ ነበር። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ወቀሰው፤ የካቲት 21 የሰበሰባቸው አራቱ ጄኔራሎችም «እንዋጋ» አሉት። የምኒልክም ጦር ስንቁ ተሟጦ ሊነሣ ተቃርቦ ነበር። ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ!

ለየካቲት 23 አጥቢያ ሌሊቱን 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ ተነሣ። ከአራቱ ጄኔራሎች አንዱ አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። በንድፍ ካርታው ላይ ግን ስሙ የተጻፈው በሌላ፣ ቀረብ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ወደፊት ነው አሉት፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ገፍቶ ብቻውን ከዋናው ጦራችን ፊት ተገኘ። ሌላው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሊደርስለት ተልኮ በሌላ ሸለቆ ስለገባ፣ ብርጌዶቹ ሳይደጋገፉ ተራ በተራ ተመቱ።