ከሪቨርስ ፕሮክሲ ጀርባ ያለ ሲስተም የማይከፈት ሊንክ ሲልክ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ሲስተሙ የአንድ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ነው፣ በጃንጎ (በፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ ፍሬምወርክ) የተሠራ። ሌላ ልጅ ሠርቶ ሰርቨር ላይ ጭኖት ሄዷል፣ ከፊት ኢንጂንኤክስ አለ (ሪቨርስ ፕሮክሲው እሱ ነው፣ የተጠቃሚውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ኋላ ያሳልፋል)፣ ከኋላ ደግሞ ጃንጎውን የሚያስኬደው ጉኒኮርን ፖርት 8000 ላይ ይሠራል። ሎጊኑ ይሠራል፣ ምዝገባው ይሠራል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ከዛ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ደወለችልኝና «ወንድሜ፣ ፓስወርዴን ልቀይር ብዬ የመጣልኝ ሊንክ እኮ አልከፍት አለኝ» አለችኝ። ኢሜይሉን ስክሪንሾት አድርጋ በቴሌግራም ላከችልኝ፣ ሳየው ሊንኩ የሚጀምረው በ127.0.0.1:8000 ነው። ይሄ አድራሻ ለእሷ ስልክ ራሱ ስልኳ ማለት ስለሆነ ከሰርቨሩ ውጪ ከየትም አይከፈትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንጎ የፓስወርድ መቀየሪያ ኢሜይል ሲያዘጋጅ ዶሜይኑን የሚወስደው ከሪኩዌስቱ ሆስት ሄደር (ብሮውዘሩ የትኛውን ዶሜይን እንደጠየቀ ከሚናገረው መስመር) ነው (ሳይትስ የሚባለው አፕ ካልተጫነ ማለቴ ነው፣ ከተጫነ ከዳታቤዝ ያነባል፣ እዛ ያለውን ካልቀየርከው ደግሞ ኤግዛምፕል ዶት ኮም ብሎ ይልክልሃል)። ኢንጂንኤክስ በበኩሉ ፕሮክሲ ፓስ (ጥያቄውን ወዴት እንደሚልክ የሚነግረውን መስመር) ብቻ ጽፈህ ከተውከው ተጠቃሚው የጻፈውን ዶሜይን ወደ ኋላ አያሳልፍም፣ ፕሮክሲ ፓስ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ነው ሆስት አድርጎ የሚልከው። ስለዚህ ጃንጎ ስሙ 127.0.0.1:8000 ነው ተብሎ ተነግሮታል፣ እሱም አምኖ ጻፈው።

ለምን እስከዛ ቀን ማንም አላየውም ካልክ፣ ገጹ ውስጥ ያሉት ሊንኮች በስላሽ የሚጀምሩ ስለሆኑ ዶሜይኑን ብሮውዘሩ ራሱ ይሞላዋል። ሪዳይሬክትም ቢሆን ከ1.9 ቨርዥን ጀምሮ ጃንጎ ዶሜይን አይጨምርበትም። ጉዱ የሚወጣው ሊንኩ ከብሮውዘሩ ውጪ ሲሄድ ነው፣ ኢሜይል ላይ፣ ደረሰኝ ላይ በሚታተም ኪውአር ኮድ፣ ኤፒአይ በሚመልሰው «ቀጣይ ገጽ» ሊንክ ላይ። እኔ አሁን የማላውቀው ሲስተም ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው እነዚህን ነው።

ኢንጂንኤክስ ላይ ሁለት መስመር ጨመርኩ፣ አንዱ ሆስት ሄደሩን እንዳለ የሚያሳልፍ፣ ሁለተኛው ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ የሚባለውን ሄደር ተጠቃሚው ወደ ፕሮክሲው በመጣበት ስኪም (ኤችቲቲፒ ወይስ ኤችቲቲፒኤስ) የሚሞላ። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ኤችቲቲፒኤሱ ፕሮክሲው ላይ ስለሚያልቅ ነው፣ ከዛ ወደ ጃንጎ የሚገባው ተራ ኤችቲቲፒ ነው። ጃንጎ በኩል ደግሞ ሴኪዩር ፕሮክሲ ኤስኤስኤል ሄደር የሚባለው ሰቲንግ ካልተሞላ ሄደሩን ዞር ብሎም አያየውም፣ እዛ ላይ «ወደ ኤችቲቲፒኤስ አዙር» የሚለውን ካበራህ ብሮውዘሩ ማለቂያ የሌለው ሪዳይሬክት ውስጥ ይገባል።

አንዳንዱ ይሄን ሁሉ ትቶ ሰብ ፊልተር በሚባለው የኢንጂንኤክስ ሞጁል የገጹን ጽሑፍ እየፈለገ ይተካል። እኔ በፍጹም አልመክርም። ከኋላ የሚመጣው በጂዚፕ ከተጨመቀ አይሠራም፣ ኢሜይሉ ደግሞ ጭራሽ በፕሮክሲው በኩል አያልፍም።

ከዚህ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የጃንጎን ሰቲንግ ስከፍት አላውድ ሆስትስ (ሲስተሙ የሚቀበላቸው ዶሜይኖች ዝርዝር) ላይ ኮከብ ነው ያለው፣ ማንኛውም ስም ይግባ ማለት ነው። አሁን ሆስቱ እንዳለ ስለሚያልፍ፣ አንቺ አባል ነሽ እንበል፣ አንድ ሰው የፈለገውን ዶሜይን ሆስት አድርጎ በአንቺ ኢሜይል ፓስወርድ ይቀየር ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ለአንቺ ከእውነተኛው ማኅበር እውነተኛ ኢሜይል ይመጣል፣ ሊንኩ ግን ወደ እሱ ሰርቨር ይወስድሻል፣ ስትነኪው ቶክኑ (ሊንኩ ውስጥ ያለው ፓስወርድ መቀየሪያ ሚስጥራዊ ኮድ) እጁ ገባ። በከርል (ሪኩዌስት በትእዛዝ በሚልክ ፕሮግራም) በራሴ አካውንት ሞከርኩት፣ የፈጠርኩት ስም ኢሜይሉ ላይ ቁጭ ብሎ መጣ። ኮከቡን አውጥቼ የማኅበሩን ዶሜይን ብቻ አስገባሁ፣ ኢንጂንኤክስ ላይም ለማይታወቅ ስም በ444 ኮድ ምንም ሳይመልስ ግንኙነቱን የሚዘጋ ዲፎልት ሰርቨር አደረግኩ፣ ጉኒኮርንም ከ0.0.0.0 (ከውጪ ሁሉ ከሚቀበልበት) ወጥቶ 127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ አደረግኩ፣ አለበለዚያ ፕሮክሲውን ዘሎ በቀጥታ ፖርት 8000 የሚገባ ሰው ሄደሩን እንደፈለገ ይጽፈዋል። ኤክስ ፎርዋርድድ ሆስትን (ዋናውን ዶሜይን የሚያሳልፍ ሌላ ሄደር) ጭራሽ አላበራሁትም፣ ሆስቱ ካለፈ ለምን ሌላ በር ልክፈት። ፍላስክ (ሌላው የፓይተን ፍሬምወርክ) የምትጠቀሙ፣ ፕሮክሲፊክስ በሚባለው የፕሮክሲ ሄደር አንባቢ ላይ የምትሰጡት ቁጥር በትክክል ከፊት ያሉት ፕሮክሲዎች ብዛት ይሁን፣ ከበለጠ ተጠቃሚው ራሱ የላከውን ሄደር ማመን ትጀምራላችሁ።

ከዛ የወርሃዊ መዋጮ ማስታወሻ ኢሜይል አለ፣ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስነሳ ፕሮግራም) የሚላክ። እዛ ሪኩዌስት የሚባል ነገር ስለሌለ ሄደር ብታስተካክል ባታስተካክል ለውጥ የለውም። ስለዚህ ዋናውን አድራሻ ከእነ ኤችቲቲፒኤሱ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጪ የሚቀመጥ ሰቲንግ) ውስጥ አስቀመጥኩና ኢሜይል ላይ የሚወጣ ሊንክ በሙሉ ከዛ እንዲነሳ አደረግኩ፣ የፓስወርዱንም ጭምር፣ የጃንጎ ፎርም ሴቭ ሲደረግ ዶሜይን ኦቨርራይድ የሚባል ፓራሜትር ይቀበላል። አሁን ሄደሩ ቢበላሽ እንኳ ኢሜይሉ አይበላሽም።

በኋላ ማኅበሩ ዋና ዌብሳይቱን እዛው ዶሜይን ላይ አድርጎ የእኛን ወደ ሜምበርስ ፓዝ ስር አስገባው፣ ያኔ ደግሞ በስላሽ የሚጀምሩት ሊንኮች በሙሉ ወደ ዋናው ሳይት መሄድ ጀመሩ። ፎርስ ስክሪፕት ኔም በሚባለው የጃንጎ ሰቲንግ ላይ ስላሽ ሜምበርስ ጻፍኩ፣ ፕሮክሲ ፓስ መጨረሻ ላይ ስላሽ ጨመርኩ፣ ይቺ ስላሽ ናት ሜምበርስ የሚለውን ቆርጣ ወደ ኋላ የምታሳልፈው፣ ካለች እና ከሌለች የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለው። ቴምፕሌት ውስጥ በእጅ የተጻፉትን ሊንኮች ግን ምንም ሰቲንግ አያድናቸውም፣ አንድ በአንድ እየፈለግኩ ጃንጎ አድራሻውን ራሱ ወደሚያወጣበት ዩአርኤል ታግ ቀየርኳቸው። አሁን አዲስ ኮድ በወጣ ቁጥር አንድ ስክሪፕት በዋናው ዶሜይን በኩል ገብቶ ለመሞከሪያ አካውንት ፓስወርድ መቀየሪያ ይጠይቃል፣ ኢሜይሉ ሲደርስ ሊንኩን አውጥቶ ከሰርቨሩ ውጪ ካለ ማሽን ይከፍተዋል፣ ካልተከፈተ ወደ ድሮው ቨርዥን ይመልሰዋል።