«ፋይን ነኝ» እያለች ቡና የደገምንላት እንግዳ

የእኔም እንግሊዝኛ የተጀመረው እንደ አብዛኛው ሰው ነው። መምህሩ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ይላል። «ሃው አር ዩ?» ሲለን ጣሪያው እስኪነሳ «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር!» እንላለን። ፋይን ማለት ደህና ማለት ነው፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያንን ቃል ዞር ብዬ አላየሁትም።

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚነት ስጀምር ያስፈራኝ ሌላ ሌላው ነበር። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን መናገሻ ያደረጓት በ1636 እ.ኤ.አ.፣ ግቢው በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. እያልኩ ስሸመድድ አድር ነበር። ጉድ የሠራኝ ግን ያ የአንደኛ ክፍል ቃል ነው።

አንዲት እንግሊዛዊት እንግዳ፣ ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም የማይርቅ፣ ቤት ውስጥ የሚፈላ ቡና ማየት እፈልጋለሁ አለችኝ። እናቴ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦሉን እያጣጣመች ጠጣች። ቶናው ሲደርስ ፈገግ ብላ «አይም ፋይን፣ ታንክ ዩ» አለች።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች።»

«እሰይ! ደህና ከሆነችማ ምን ይከለክላታል?» ቀዳችላት።

በረካው ላይ እንግዳዋ ደግማ «ሪሊ፣ አይም ፋይን» አለች። እኔም ደግሜ ደህና ናት አልኩ። እናቴ «በረካ ሳይጠጣማ አይወጣም፣ አፈር ስሆን!» ብላ ጀበናዋን አነሳች። ይሄኔ ሴትዮዋ ሲኒውን በመዳፏ ክድን አደረገችው። እኔም የባነንኩት ያኔ ነው። ለካ ሰው ሲጋብዛቸው «አይም ፋይን» የሚሉት «በቃኝ፣ ይቅርብኝ» ለማለት ነው። ስለ ጤንነቷ የጠየቃት ሰው አልነበረማ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ደብተር ያዝኩ። የቃሉን ፍቺ ትቼ ማን፣ የት፣ በምን ድምፅ እንዳለውና ካለ በኋላ ምን እንዳደረገ መጻፍ ጀመርኩ። በተለይ የመጨረሻዋ ጠቀመችኝ። ሰው «ፋይን» ብሎ የሚያደርገውን ካየህ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባሃል።

ለምሳሌ ምግብ። ፒያሳ አካባቢ ምሳ የበላ እንግዳዬን «እንዴት ነበር?» አልኩት። «ኢት ዎዝ ፋይን» አለ። ደስ ብሎኝ በማግስቱም እዚያው ልወስደው ስል ሌላ ቦታ የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምግቡን «ምንም አይልም» ነበር ያለው፤ አልጠላውም፣ አልወደደውምም። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ያው ቃል ከስሙ ፊት ሲመጣ ሌላ መሆኑ ነው። «ፋይን ዋይን» ምርጥ የወይን ጠጅ ነው። «ዘ ዋይን ኢዝ ፋይን» ግን ብዙ ጊዜ «ይጠጣል፣ ክፉ አይደለም» ነው። የቦታ ለውጥ ብቻ! ይህን ማንም አስተማሪ ነግሮኝ አያውቅም።

ግንቡ ደረጃ ላይ ደግሞ አንዷ አዳልጧት ወደቀች። «አይም ፋይን፣ አይም ፋይን» እያለች ተነሳች። እኔም አምኜ ጉብኝቱን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ታነክሳለች። ይኼኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ ተኝቶ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ዘመድ ማን የለውም? አሁን እንዲህ ሲገጥመኝ «ደህና ነሽ?» ብዬ አልጠይቅም። «ቁርጭምጭሚትሽ ነው ጉልበትሽ?» እላለሁ። ያኔ እውነቱ ይወጣል።

ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ። እሷ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ዛሬ እንይ ትላለች፣ እሱ ደክሞታል። በመጨረሻ «ፋይን!» አለች፤ አጠር፣ ቆረጥ አድርጋ። ተስማሙ ብዬ ወደ ሆቴል መለስኳቸው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያ «ፋይን» ለካ «እሺ በቃ፣ እንደ ፍጥርጥርህ!» ማለት ነበር።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። የአየር ጠባይ ፋይን ከሆነ ብራ ነው። ዱቄት ፋይን ከሆነ የላመ ነው። ፖሊስ ፋይን ካለህ ግን ኪስህን ዳብስ፤ ቅጣት ነው።

ደህና፣ የላመ፣ ምርጥ፣ ቅጣት። እነዚህን ምን አንድ ቤት አስገባቸው? የቃሉን ዘር ሳገላብጥ ላቲን ውስጥ ገባሁ። «ፊኒስ» ማለት መጨረሻ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ነው እንግሊዝኛ የገባው። ዳር የደረሰ፣ የተጠናቀቀ ነገር ምርጥ ተባለ። ተጣርቶና ተፈጭቶ ያለቀው ደቃቅ ተባለ። ቅጣቱም ከዚያው ነው፤ በድሮ ጊዜ ክርክር ለመቋጨት የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ፊኒሽ፣ ፋይናል፣ ፋይናንስም ሳይቀሩ የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ ስንትና ስንት ጊዜ ያልነው ነገር ነዋ! «በቃ» አለቀ ማለት ነው። «በቃኝ» አልፈልግም ነው። «ብቁ» ለሥራው የሚመጥን ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ሰው ስለ አንድ መነኩሴ ዝቅ ባለ ድምፅ «የበቁ አባት ናቸው» ሲል ትሰማለህ፤ ከቅድስና ደረጃ የደረሱ ማለቱ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ግን ከመጨረሻ ተነስተው እዚያው ማዕረግ ላይ ደርሰዋል። ያንን ቀን «ደህና ነኝ» ብዬ ከመተርጎም «በቃኝ» ብል ኖሮ ቃሉን ከነሥሩ አግኝቼው ነበር።

ቡናው ይቀርላት ነበር ወይ? እሱን እጠራጠራለሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ እንቢ ማለቱ ወግ ነው፤ የቤቱ እመቤትም «በሞቴ» ማለቷ ወግ ነው። ስለዚህ አሁን እንግዶቼን ቀድሜ አስጠነቅቃለሁ፤ ካልፈለጋችሁ ሲኒውን በእጃችሁ ክደኑ እላቸዋለሁ።

እናቴም ቃሉን ለምዳዋለች። ባለፈው አንዱ ቶና ላይ «አይም ፋይን» ሲል ከእኔ ቀድማ «በቃኝ ነው ያለው» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እንግዲያው ግማሽ» አለችና ቀዳችለት።