ስሜ ያለበት ካርድ፣ የእኔ ያልሆነ ዕዳ

ሚስቱ አሜሪካ ሆና ፕሮሰስ የጀመረችለት የደብረ ብርሃን ጓደኛዬ ሰሞኑን ደውሎ፣ «እዚያ ያለው የአክስቴ ልጅ ክሬዲት ካርዱ ላይ ስሜን እንደሚያስገባልኝ ነግሮኛል፤ እንግዲህ ገና ሳልመጣ ብር አገኘሁ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ክሬዲት ካርድ ባንክ የሚያበድርበት ካርድ እንጂ የተገኘ ብር አይደለም፤ ይኸው ጥያቄ ከመንዝም ከአንኮበርም ስለሚመጣልኝ መልሱን በሰፊው ልጻፈው።

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ተበድሮ ሲከፍል ካልታየ በቀር የሚያምነው የለም። እኛ ዘንድ «የሰው ገንዘብ የለበትም» መባል ምስጋና ነው፤ እዚህ ግን ያስጠረጥራል። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ድርጅቶች የሰዉን የብድር ታሪክ ይመዘግባሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 850 የሚሰጠው የብድር ታማኝነት ነጥብም የሚሰላው ከዚያ መዝገብ ነው። ስለዚህ ዘመድ አዲሱን ሰው በቆየ ካርዱ ላይ በተጠቃሚነት ያስመዘግበዋል፤ ብዙ ባንኮች የካርዱን ታሪክ በተጠቃሚውም ስም ስለሚያስተላልፉ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ለዓመታት ሲበደርና ሲከፍል የኖረ መስሎ ይታያል። ለእኔም ዘመዴ ያደረገልኝ ይህንኑ ነው፤ ውለታውን አልክድም።

ችግሩ ክፉውም ታሪክ አብሮ መተላለፉ ነው። ዘመዴ የሚሠራበት የጭነት መኪና ሞተሩ ነክሶ ሲቆም ኑሮውን በካርዱ መግፋት ጀመረ፤ ካርዱ ሞላ፣ ወርኃዊ ክፍያውም ተቋረጠ። ይህን የሰማሁት ከእርሱ ሳይሆን ቤት ልከራይ ከሄድሁበት አፓርታማ ሠራተኛ ነው። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተቀምጠው ሳለ ልጅቱ የብድር መዝገቤን ያወጣችበትን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችና፣ መስመሩን በጥፍሯ እየተከተለች፣ 8,700 ዶላር ዕዳ፣ ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት፣ ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። በዚያ ካርድ የገዛሁት አንድ የክረምት ጃኬት ነበር፤ ዋጋውንም በማግስቱ በጥሬ ገንዘብ ሰጥቼዋለሁ። አገር ቤት ዕቁብ ሲወጣለት የዋስ ችግር የማያውቅ ቤት ልጅ፣ አንዲት መኝታ ክፍል ያላት ቤት ተከለከልሁ። ልጅቱ ስታሰናብተኝ «መልካም ቀን ይሁንልህ» ያለችው ደግሞ ሽልማት እንደምትሰጠኝ ሁሉ በፈገግታ ነበር።

ቀጥሎ ዕዳ ሰብሳቢው ደወለና «ስምህ ካርዱ ላይ ስላለ ከፍለህ ተገላገል» አለኝ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ከባንኩ ጋር የተዋዋለው የካርዱ ባለቤት ስለሆነ፣ በተጠቃሚነት ብቻ የተመዘገበ ሰው በአብዛኛው ለባንኩ ባለዕዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግም ሰብሳቢው የሌለብንን ዕዳ አለባችሁ ብሎ እንዳያታልለን ይከለክላል፤ ማስታወቂያው በደረሰን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምን ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። ጽፌ ላክሁ፤ ስልኩም አቆመ።

ያላቆሙት የመሐል ሜዳው አጎቴ ናቸው። «ስምህን ሰጥተህ ስታበቃ ዕዳው የእርሱ ነው ትላለህ? ዋስ ከባለዕዳው ምን ይለያል?» አሉኝ። አበዳሪና ተበዳሪ በቁራኛ ታስረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ እንደነበር ሲነገር ሰምተው ላደጉ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዋስ ማለት በሰው ፊት ቆሞ እሺ ያለ ነው፤ እኔ ስሜ በስልክ የተመዘገበ፣ ፊርማዬም የሌለበት ሰው ነኝ። ለባንኩ አንድ ሳንቲም አልከፈልሁም፤ መኪናው እስኪጠገን ድረስ ግን ለልጆቹ አስቤዛ እኔ ስገዛ ቆየሁ። ዘመዴ አልተቀየመኝም፤ የአጎቴ ሰላምታ ግን እስከዛሬ አጭር ነው።

ለመምጣት የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ግብዣውን እንቢ አትበሉ፤ ነገር ግን ስቴትመንቱን (የካርዱን የሂሳብ መግለጫ) በየወሩ ለማየት ጠይቁ። ዕዳው ከሊሚቱ (ካርዱ ከሚፈቅደው ከፍተኛ ብድር) ጋር ሲቀራረብ ነጥባችሁ አብሮ ስለሚወርድ፣ ዘመዱ በሰዓቱ ቢከፍል እንኳ አይበቃም። ካልተስማማችሁ ባንኩ ስማችሁን ከካርዱ ላይ እንዲያነሣ ንገሩት፤ ታሪኩ መዝገባችሁ ላይ ከቀረ ደግሞ መዝጋቢዎቹ እንዲያነሡት በጽሑፍ አመልክቱ። የጋራ አካውንት ወይም ኮሳይን (ለሌላ ሰው ብድር አብሮ መፈረም) ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ከፈረማችሁ ዕዳው የእናንተም ነው። እንደ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ደግሞ በትዳር ዘመን የመጣ ዕዳ፣ ስማችሁ ባይኖርበትም፣ ለባልም ለሚስትም ሊተርፍ ይችላል።

ዘመድ በካርዳችሁ ላይ የምታስመዘግቡም እወቁት፤ አዲሱ እንግዳ የገዛው ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው፤ ፈቅዳችሁ ስለሰጣችሁት «እኔ አልገዛሁም» ብትሉ ባንኩ አይሰማችሁም። እኛ ደግሞ ለዘመድ እንቢ ማለትም ሂሳብ አሳየኝ ማለትም ነውር ይመስለናል። ያን የሚያፍር 200 ዶላር ያህል አስይዞ በራሱ ስም ሴኪዩርድ ካርድ ያውጣ። እኔም በመጨረሻ ቤት የተከራየሁት በዚያ ካርድ ባገኘሁት ነጥብ ነው፤ ማስያዣውንም ባንኩ መልሶልኛል።