አራት መስመር

ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል የድሮ የሒሳብ ደብተሬን አገኘሁት። አንዱ ገጽ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሳለች ትንሽ መስኮት አለች። አራት ማዕዘን ናት። መሃሏ ላይ መስቀለኛ መስመር አለ። ሌላ ሰው ቢያያት ሥራ የፈታ ተማሪ የሞነጫጨራት ይመስለዋል። እኔ ግን ደብተሩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዕቃውም እንደተበታተነ አመሸ።

መስኮቷን የሳላት አብሮኝ ይቀመጥ የነበረ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጠራም። ታሪኩ ከእኔ ይልቅ የእሱ ነው።

ጓደኛዬ አይሁዳዊ ነው። በትምህርት ቤታችን ከእሱ ሌላ አይሁዳዊ ይኑር አይኑር አላውቅም። ቢኖርም የእሱን ዕጣ እያየ ዝም ቢል አልፈርድበትም። ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ስንገናኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲያደርግ አየዋለሁ። ኪፓውን፣ ያቺን አናት ላይ የምትደረግ ትንሽ ክብ ቆብ፣ ያወልቅና ለሁለት አጥፎ ኪሱ ይከታታል። ከዚያ ማስያዣው ተጭኖት የተኛውን ፀጉሩን በጣቱ ይበታትነዋል። ምልክቱ እንዳይታይ ነው። ከሰዓት ስንወጣ ደግሞ መንገዱን ከታጠፍን በኋላ መልሶ ያደርጋታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የጀመረውን ወሬ አያቋርጥም። እጁ ለምዶታል።

የተዋወቅነው እኔ አዲስ ገቢ እያለሁ ነው። ቋንቋው ገና አልገራልኝም ነበር። ስሜን መምህራኑም ልጆቹም እንዳሻቸው ይጠሩታል፤ እኔም ማረሙ ሰልችቶኝ ትቼው ነበር። እሱ ግን "ቆይ፣ አንተ ራስህ እንዴት ነው የምትጠራው?" አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። "ጠ" የምትለዋን ድምፅ እስኪያወጣት ድረስ ታገለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን።

ለዚህ ነው ቀጥሎ ያለውን መጻፍ የሚከብደኝ።

ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ከኋላው "ስስስስ" የሚሉ ልጆች ነበሩ። ጎማ ሲተነፍስ እንደሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ይሉና ይሳሳቃሉ። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ እኔን አየት አድርጎ ጠቀሰኝና "ስስስ" አለ። ሳቅኩ። አዲስ ልጅ ነኝ፤ ሰው ቀልዱን ሲያካፍለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ሆሎኮስት፣ ናዚ ጀርመን አይሁዶችን ስለጨፈጨፈበት ዘመን፣ ተማርን። መምህራችን ሳትቸኩል ነው ያስረዳችን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1938 ሌሊት በጀርመን ምኩራቦች እንደተቃጠሉ፣ የአይሁድ ሱቆች መስታወት መንገድ ላይ እንደረገፈ ነገረችን። በስድስተኛው ቀን የአይሁድ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጠቅልለው ተባረሩ። ከዚያ ወደ ኦሽዊትዝ፣ ወደ ናዚዎቹ የመግደያ ካምፕ ታሪክ፣ መጣች። ሰዎቹን "ገላችሁን ልትታጠቡ ነው" ብለው እንዴት እንደሚያስገቧቸው፣ ዚክሎን ቢ ስለሚባለው መርዝ ጋዝ፣ ስለ 6 ሚሊዮን አይሁዶች። ከእነሱ 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ልጆች ነበሩ።

ይህን እየተናገረች ከኋላ ወንበር ያ ድምፅ መጣ። ስስስስ።

ጋዝ ነበር ለካ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሉ የከረሙት የጋዝ ድምፅ ነው። እኔም የሳቅኩት በዚያ ነው። ፊቴ ጋለ። ወደ ጎን ዞሬ ጓደኛዬን ለማየት አቃተኝ። በዓይኔ ጠርዝ የታየኝ እጁ ብቻ ነው። ዴስኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ አንዲት ትንሽ መስኮት ይስላል። ብዙ ጊዜ ሲስላት አየው ነበር። ቤት መሳል የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ያለችኝ ብዙ የስደተኛ እናት የሚለውን ነው። "አንተ አርፈህ ትምህርትህን ተማር። በሰው አገር ነገር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?" ስትል ቁጣዋ ከፍርሃት እንደሆነ ይገባኛል። ዱላው ወደ እኔ እንዳይዞር ነው።

ቆየት ብላ ግን "እኛስ ብንሆን" አለች። ጎንደር በኩል ልጅ ሆና አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበረቻቸው። ቤተ እስራኤል ናት። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት በዚህ ስም ቢሆንም ያኔ ሰዉ "ፈላሻ" ነበር የሚላቸው፤ ሲብስበትም "ካይላ"። "ጀበናውን ከእሷ እንገዛለን፣ ቡናውን እንጠጣበታለን፣ ማታ ደግሞ ቡዳ ናት፣ ጅብ ሆና ትወጣለች እያልን እንፈራታለን" አለችኝ። "ልጇ እኛ ክፍል ነበረች። ማንም አጠገቧ አይቀመጥም። እኔም አልተቀመጥኩም።" እነዚያ እናትና ልጅ መንደሩን ለቀው አዲስ አበባ ገቡ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ እነሱም አብረው ሄዱ። "አንድ ቃል እንኳ ሳልላት" አለች እናቴ። ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ዕቃ ነበር የምታጥበው።

ኋላ ላይ ሳነብ የሁለቱ ታሪክ መመሳሰል አስደነገጠኝ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በብዙ ቦታ አይሁዶች መሬት እንዳይዙ፣ ከባለሙያዎች ማኅበርም እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክርስቲያን በወለድ እንዳያበድር ትከለክላለች። ለእነሱ ከተተዉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ገንዘብ ማበደር ሆነ። ከዚያ "ገንዘብ አምላኪ" ተባሉ። በእኛም አገር ቤተ እስራኤል ርስት ተነፈጉ፤ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው አደሩ። ከዚያ በዚያው ሙያቸው "ቡዳ" ተባሉ። በሩን ሁሉ ይዘጉብህና አንዲት ቀዳዳ ይተዉልሃል። በእሷ ሾልከህ ስትወጣ "ይኸው፣ ድሮም ልማዱ ነው" ይሉሃል።

ይህን ያነሳሁት ሳንቲም ስለተወረወረበት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ከሦስት ጠረጴዛ ማዶ ያ የጠቀሰኝ ልጅ ሳንቲም ወረወረ። ወለሉ ላይ ሲንከባለል ይሰማኛል። ጓደኛዬ እግር ጋ ደርሶ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ተኛ። "ልቀመው እንጂ፤ የናንተ አይደል?" አለ ልጁ። አንድ ሁለት ስልክ ወጣ። ጓደኛዬ ሳንድዊቹን መብላት አላቆመም። ጆሮው ብቻ ደም መሰለ።

እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የምናገረውን ስንት ሌሊት ተዘጋጅቼበት ነበር። ሁሉም በነነ። ስነሳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ቋንቋው ራሱ ጠፋኝ። የወጣልኝ "አንተ ነህ የጣልከው። አንተ አንሳው" የሚል ብቻ ነው። ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

ዝም ተባለ። ከዚያ አንዲት የማናውቃት ልጅ ከጎን ጠረጴዛ ተነሳች። ምንም አልተናገረችም። የምሳ ትሪዋን ይዛ መጣችና ፊት ለፊታችን ተቀምጣ መብላቷን ቀጠለች። ልጁ "ቀልድ ነው እኮ" አለ። የሳቀለት የለም። ተነስቶ ሄደ። ሳንቲሙን ግን አላነሳም።

በካናዳ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በመጫወቻ ሜዳ በካሜራ ቀርጸው ያጠኑ ሰዎች አሉ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከ100 ጥቃት በ88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ጣልቃ የሚገቡት ግን በ19ኙ ብቻ ነው። ልጆቹ ጣልቃ ከገቡባቸው ጊዜያት በ57 በመቶው ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ይህን ሳነብ ያቺ ትሪ ናት የታየችኝ። እኔ ተናገርኩ፤ ነገሩን የጨረሰችው ግን የተቀመጠችው ልጅ ናት። ሁለት ስንሆን እኔ እብድ መሆኔ ቀረ።

ጓደኛዬ ያመሰግነኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ጠብቄ ነበር። ስንወጣ ግን ፊቱ ጥቁር ብሏል። መንገዱን ታጥፈንም ኪፓውን ከኪሱ አላወጣም።

"ማን ተነስ አለህ?" አለኝ።

"እና ዝም ልበል?"

"ልትጠይቀኝ ትችል ነበር። ነገ የሚበቀሉት እኔን ነው።" ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆመ። "ደግሞ ያን ቀን ስቀሃል። እነሱ ሲስቁ ለምጄዋለሁ። ያንተን ሳቅ ግን ለይቼ አውቀዋለሁ።"

ትርጉሙን አላወቅኩም ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። እውነትም አላወቅኩም ነበር። ግን ምን ያደርግለታል? አጠገቤ እያለ "ምን ማለታቸው ነው?" ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። የእናቴ የታጠበ ዕቃ ትዝ አለኝ። "ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሱም እሺ አላለም። አብረን እስከ መገንጠያው ሄድን። እዚያ ስንደርስ የአያቱ ሁለት እህቶች ከኦሽዊትዝ እንዳልተመለሱ ነገረኝ። አንዷ የእኛ ዕድሜ ነበረች።

እንዳለውም ሆነ። ለተወሰነ ጊዜ "ስስስ" ለሁለታችንም ሆነ። ቢሮ ስንጠራ "ሁለታችሁም ወገን ተረጋጉ" ተባልን፤ ጣይና ተጣይ እኩል የተካፈልን ይመስል። በዚህ ዛሬም አዝናለሁ። የጠቀመን የጓደኛዬ ሐሳብ ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በቃል እየጻፍን አንድ ላይ ያዝነው። ዜና ላይ እስራኤል በተነሳች ቁጥር እሱን ከበው መልስ የሚያስጠይቁትንም ጨመርን። እስራኤልን አንድ ቀን ረግጦ አያውቅም እኮ። ወረቀቱን ለታሪክ መምህራችን ሰጠናት። እሷ አልተወችውም፤ የልጆቹ ወላጆች እስኪጠሩ ድረስ ተመላለሰች። ድምፁ በአንድ ቀን ባይጠፋም እየሳሳ ሄደ።

መስኮቷን ያወቅኳት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት ዴስካችን ላይ ስዋስቲካ፣ ያ የናዚዎች ምልክት፣ ተፍቆ አገኘን። በኮምፓስ ጫፍ ነው የፋቁት፤ የእንጨቱ ፍርፋሪ ገና አልተጠረገም። ላጲስ አወጣሁ። "በላጲስ አይለቅም፤ ስንቴ ሞክሬዋለሁ" አለኝ። ደብተሬን ወደ ራሱ ሳበና ጥጉ ላይ ያንኑ ምልክት በስሱ ሳለው። "አሁን እየው። ጫፎቹ የታጠፉ አይደሉ? እያንዳንዱን ጫፍ ከሚቀጥለው ማዕዘን ጋር ታገናኘዋለህ።" አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት መስመር። መስኮት ሆነ።

ዴስካችን ላይ ያሉትን ቆጠርኳቸው። ሰባት ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ ስድስቱ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የተሳሉ ናቸው።

ስምንተኛዋን እኔ ሳልኳት። እንጨቱ ላይ እስክሪብቶ ያንሸራትታል፤ አንዱ መስመር ጠመመብኝ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አየና "ያንተኛው ቤት ሊወድቅ ነው" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ እስክሪብቶ ሳልይዝ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድም ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደረጃው ሥር ያለው ግድግዳ ላይ አንዲት መስኮት አየሁ። አራቱ መስመሮች ወፈር ያሉ ናቸው፤ በአረንጓዴ ማርከር የተሳሉ። ቀጥ ያሉ ስለነበሩ የእሱ ናቸው ብዬ አለፍኩ። ምሳ ላይ ትዝ ሲለኝ ጠየቅኩት።

"ያቺ ደረጃው ሥር ያለችው አረንጓዴ መስኮት ያንተ ናት?"

ማኘኩን አቆመ።

"የእኔ አይደለችም" አለኝ። "ያንተ መስላኝ ነበር።"

ምሳችንን እዚያው ትተን ሄደን አየናት።