በሩ ሳይበየድ የሚከፈል ግብር

አጎቴ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የብረት በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ሒሳብ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ግብር ምርትን እንዴት እንደሚያሳንስ የገባኝ በዚያች ደብተር ነው።

ቫት በ1995 ሲጀመር 15 በመቶ ተባለ። የተመዘገበ አምራች ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ሲሸጥ ከሚሰበስበው ላይ ያቀናንሳል። አጎቴ ግን ሽያጩ ትንሽ ስለነበር አልተመዘገበም፤ የሚከፍለው ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ 2 በመቶ፣ ተርን ኦቨር ታክስ የሚባለውን ነበር። 2 ከ15 ይሻላል ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ኋላ ነው የነቃነው። የ100,000 ብር ቱቦላሬና ላሜራ ስንገዛ 15,000 ብር ቫት እንጨምራለን፣ እሷን ደግሞ የሚያቀናንስልን የለም። ብረቱ ገና አልተቆረጠም፣ ገዢ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም፣ ብሩ ግን ሄዷል። አጎቴ ግራይንደሩን አጥፍቶ ቱቦላሬውን አንድ በአንድ እየነካ ሲቆጥር ትዝ ይለኛል። ያሰበውን ያህል በር አይወጣውም።

«አብሽር፣ ዋጋ እንጨምራለን» አልኩት። ጨመርን። አንድ ኮንትራክተር መጣ፣ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ወደደው። «የቫት ደረሰኝ አላችሁ?» የለንም። ሄደ። አልፈርድበትም፤ ቫት ቢከፍል ያቀናንሰዋል፣ የኛን 2 በመቶ ግን የትም አያቀናንሳትም።

ታዲያ ለምን በፈቃዱ አልተመዘገበም ትሉኝ ይሆናል። በጊዜው ሕግ ከሽያጩ ቢያንስ 75 በመቶው ለተመዘገቡ ሰዎች መሆን ነበረበት። የኛ ደንበኛ ቤት የሚሠራ የሰፈር ሰው ነው! በዚያው ዓመት አብረውት ከሚሠሩት ሁለት ልጆች አንዱን ከሥራ አሰናበተ።

25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ ላይ በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚያ ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች ማሽንና ጥሬ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባሉ። ደግ ነው፣ የወሎ ልጆች ሥራ አግኝተውበታል። ግን ግብዓት ላይ የሚጣል ግብር ምርት እንደሚገታ መንግሥት ያውቃል ማለት ነው፤ ለትንሹ ብረት ሠሪስ ለምን አይታሰብም? በ2016 አዲስ የቫት አዋጅ ወጣ፣ 15 በመቶዋ ግን እዚያው ናት፤ ያልተመዘገበም ዛሬም አያቀናንስም።

አጎቴ ግብር አልከፍልም ብሎ አያውቅም። «ከሸጥኩ በኋላ ይጠይቁኝ» ነበር የሚለው።