ለአክስቴ እግር ብዬ ራስ ደጀን ወጣሁ

አክስቴ ሰርግ ሄዳ አታውቅም ነበር። ምስራቅ ጎጃም ውስጥ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሯ ስትሠራ ነው ያደገችው። እግሯ ማበጥ ሲጀምር መንደሩ «እርግማን ነው» አለ። «ይተላለፋል» ብሎ የሸሻትም ነበር። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ዝሆኔ ከምንላቸው አንዱ ነው። መነሻው በቆዳ የሚገባ ደቃቅ የአፈር ብናኝ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ራስ ደጀን ወጥቼ ለዚህ በሽታ ምርምር ገንዘብ ላሰባስብ ተነሳሁ። መጀመሪያ ለወዳጆቼ የላክሁት መልእክት «ለሕክምና ምርምር እንርዳ» የሚል ነበር። በሁለት ሳምንት አራት ሰው ብቻ መለሰልኝ። ከዚያ አክስቴን አስፈቅጄ ታሪኳን ጻፍኩ። ስልኬ ዕረፍት አጣ።

ግን ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ለምን ጫማ አንገዛላቸውም?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ጫማ በሽታውን ይከላከላል። ሆኖም አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል? ወላይታ ውስጥ ተጠንቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ምርምር በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳይቷል። እዚያው ምስራቅ ጎጃም የተደረገና በዚያው የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እግርን በአግባቡ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚነሳውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋገጠ። አክስቴ ዛሬ በየማታው የምታደርገው ይህንኑ ነው። ይህን ሳስረዳ ሰው ገባው።

የገንዘቡን ነገር ከመጀመሪያው ለየሁት። የመንገድ መሪው፣ የስካውቱ (የታጠቀው የፓርክ ጠባቂ)፣ የበቅሎውና የምግቡ ወጪ ከኪሴ ነበር። የተለገሰው ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገባ፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። የሒሳቡን ወረቀት በየሳምንቱ ለሁሉም እልክ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ የሰጡ ሰዎች ያመጣቸው ይሄ ይመስለኛል።

ለልምምድ ሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ወጣሁ። ሳንባዬን አዘጋጀሁ፤ ቁልቁለቱን ግን ረሳሁት። ጫማውንም የገዛሁት ልንሄድ ሳምንት ሲቀረን ነው። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነበር።

ከደባርቅ ተነስተን በሳንቃበርና በግጭ አድርገን ጨነቅ ደረስን። እስከዚያ ደስታ ነው። ጭላዳዎቹ ከአጠገባችን ሳር ይነጫሉ፤ ጨነቅ ላይ ዋልያ አየን። መከራው ከቧሂት ተራራ ወዲያ መጣ። እስከ መሸሃ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ከዚያ ደግሞ ወደ አምቢቆ መንደር ሽቅብ ነው። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ጠቁረዋል። መሪያችን አይቶ ዝም አለ፤ ውሃ አሙቆ አመጣልኝ።

ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች በውርጭ ነጥተዋል። ራሴን ይፈልጠኝ ስለነበር ቀስ ብዬ፣ ውሃ እየጠጣሁ ሄድኩ። ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ነው ብለውን ነበር፤ አሁን የሚጠቀሰው 4,550 ነው። የመጨረሻዋን ድንጋይ በእጄ ቧጥጬ ወጣሁ። የአክስቴን ስም በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር፤ እሱን ይዤ ፎቶ ተነሳሁ።

የተሰበሰበውን 186,400 ብር ለተመራማሪዎቹ አስረክበን ደረሰኙን ለሰጪዎቹ ሁሉ ላክን። ዛሬ ብሄድ ጫማውን ሁለት ወር ቀድሜ ገዝቼ እለምደዋለሁ፤ ቁልቁለትም እለማመዳለሁ። ገንዘብ ስጠይቅም ከጥያቄው እጀምራለሁ፤ ተመራማሪዎቹ ምን ለማወቅ እንደሚፈልጉ።

ከወር በኋላ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶውን አየችና ስሟን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ጣቶቼን ልታይ ፈለገች። ጥቁሩ ጥፍር ገና አልወደቀም። ተነስታ የራሷን ሳፋ አመጣች፤ ውሃና ሳሙናም። «በል ቁጭ በል፣ እግርህን አምጣ» አለችኝ።